የዘንዶው ካፖርት

ባሌ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘንዶ ቀለበ። የገደለው ግን ዘንዶው ሳይሆን ጭሱ ነው፤ ሳንባው አልቆ አልጋው ላይ ሞተ። ሰዎች "የታደለ ነው" አሉ። በየማለዳው መርዶ ስጠብቅ የኖርኩትን እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

በጡብ ፋብሪካው ጡቡ የሚበስለው በዘንዶው ትንፋሽ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ እሳቱን ወደ ምድጃው ይተፋል፤ ከዕረፍት ቀን በቀር በቀን አንዴ አንድ ሰው ወርዶ ሥጋ ያቀርብለታል። ዘንዶው ዕውር ስለሆነ ቀላቢውን የሚለየው በካፖርቱ ሽታ ነው። ስለዚህ ካፖርቱ አይታጠብም፤ ቀላቢ ሲሞት ለተተኪው ይተላለፋል። አለቃው በየጠዋቱ ጉድጓዱ በር ላይ አፍንጫውን አንገትጌው ውስጥ ቀብሮ ያሸታል። ሽታው ከጠፋ ማንም አይወርድም፤ ደንቡ ይኸው ነው።

ካፖርቱ ለአንድያ ልጄ ደረሰ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

"እማዬ፣ አባዬ እኔን ያሳደገበት ሥራ እኮ ነው። ደግሞ እኔ ካልወረድኩ ማን ይውረድ?"

"የፈለገ ይውረድ! የሰው ልጅ አልቋል?"

ሳቀብኝ።

ሦስት ወር ወረደ። አንድ የዕረፍት ቀን ጓደኞቹ ጋ ሲሄድልኝ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርጄ በፈላ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ሦስት ጊዜ ውሃ ለወጥኩ። ሽታው የባሌም ሽታ ነበርና አለቀስኩ፤ እጄ ግን አላረፈም። ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ልጄ እንዳይነቃብኝ ጥቀርሻና አመድ አሸሁበት። ብነግረው ይቀየመኛል። አለቃው ግን ገና ሲያሸተው ይመልሰዋል፤ የሚጣላውም ከአለቃው ጋር ይሆናል። ይቺን ብልጠት በማሰቤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት ለብሶት ሲወጣ ሳሙናው ከነአመዱ ሸተተኝ። እሱ ምንም አላለም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ግንባሬን ስሞኝ ሄደ፤ እኔም ተበሳጭቶ ሲመለስ ቁጣውን የሚያበርድበት ምሳ ጣድኩ።

ረፋዱ ላይ የመጣው አለቃው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፌ ላይ ቆመ።

"አላሸተትከውም?" አልኩት።

"እትዬ..."

"ካፖርቱን ዛሬ አሽትተኸዋል ወይ ነው የምልህ!"

"እንደ ወትሮው አሽትቻለሁ" አለ መሬት መሬቱን እያየ።

"ሳሙና ሳሙና ይል ነበር እኮ! አጥቤው ነበር! እንድትመልስልኝ ብዬ ነው ያጠብኩት!"

ቀና ብሎ አየኝ።

"እትዬ፣ ያ ጭስ ለአፍንጫ ሦስት ወር አይሰጠውም። የሁላችንንም ገድሎታል። እኔ ማሽተት ካቆምኩ አሥር ዓመቴ ነው። በር ላይ የማሸተው... የሚወርደው ሰው ልቡ እንዲረጋ ብዬ ነው።"

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቅኩም፤ በገዛ እጄ ጠራሁት።

የእኔን ከአለቃው በቀር፣ የእሱንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለቅሶው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለቀስተኛው "ምን ዓይነት ጨካኝ አውሬ ነው!" ሲል አለቃው "አዎ" አለ። እኔም "አዎ" አልኩ።