አንድ ዓይነት ሞተር

የእኔ ጋራዥ ወለል ይጠረጋል። ሌሎቹ መካኒኮች «ሙሽራው» ይሉኛል፤ ይበሉ። አሮጌ ብረት የተቆለለበት ጋራዥ አይደለም፣ የቆሻሻ ገንዳ ነው እላለሁ። ጉድ ያፈላብኝ ይኸው ንጽሕናዬ ነው።

ታናሽ እህቴ ያገባችው ከወንዙ ማዶ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። አዋላጇ «ልጁ ተገልብጧል፣ ከሆስፒታል ውጪ እኔ አልነካም» ብላለች። ወንዙ ድልድይ የለውም፤ ከመንደሩ የሚሻገረው የባሏ አሮጌ መኪና ብቻ ነው፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት። ባለፈው ሳምንት ባሏ፣ አማቼ፣ ወደ ከተማ ሲመጣ ሞተሩ ተሰነጠቀና መኪናው በገመድ ተጎትቶ እኔ ደጅ ቆመ።

«አይዞህ» አልኩት። «ይሄ ሞተር የከተማ ታክሲ ላይም ይገጠም ነበር። ያው አንድ ነው።»

ያረጀ ታክሲ አገኘንና ሞተሩን አወጣንለት። የብሎኖቹን ቀዳዳ ለካሁ፣ ልክ። ከካምቢዮው ጋር አጋጠምኩት፣ ልክ። የተሰነጠቀውን ለቁራሌው ሰጥቼ ወለሉን ጠረግሁ።

እኔ ሞተር መሬት ላይ ሳላስነሳ መኪና ውስጥ አላስገባም። ዛሬ ጠዋት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጬ፣ ቤንዚን በጠርሙስ አንጠልጥዬ ለአፍታ አስነሳሁት። አማቼ ስልኩን አስጠግቶ ለእህቴ አሰማት። «እሰይ፣ በቃ ሻንጣዬን ዘጋሁ» አለች።

ከዚያ በሰንሰለት አንስተን ወደ መኪናው አወረድነው። አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ብንገፋውም አልገባ አለ። ከሥር ተንጋልዬ ገብቼ አየሁ። የታክሲው የዘይት ቋት ሆዱ ወደ ፊት ነው፤ በዚህ መኪና ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ የፊት አክሰሉ ተጋድሟል። የአሮጌው ሞተር ቋት ሆዱ ወደ ኋላ ነበር። ከላይ ለካሁ፣ ከኋላ ለካሁ፣ ከሥር አላየሁም። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ።

ለቁራሌው ደወልኩ። «የትናንቱን ሞተር የዘይት ቋት ብቻ መልስልኝ፣ በናትህ።»

«ወንድሜ፣ በመዶሻ ፈልጠን ጭነነዋል። ጠዋት ሄደ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የታክሲውን ቋት ቆርጦ ለመበየድ ሁለት ቀን ይፈጃል። የማዶው ተራራ ግን በደመና ጠቁሯል፤ ወንዙ ሳይሞላ እስከ ማታ እንኳ አይጠብቅም፣ የሚሻገር ሌላ መኪናም አላገኘንም። አማቼ አልተቆጣኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰንሰለቱን እንደያዘ ወደ ተራራው አየ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች።

«ጋሼ፣ ምጡ ጀምሮኛል። የወንዙም ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል። የት ደረሳችሁ?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሞተሩ አልገባም፣ የኔ እናት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ዛሬ አትመጡም ማለት ነው?»

«አንመጣም።»

«እንግዲያው አስነሱትና አሰሙኝ። መንገድ ላይ ናችሁ ብዬ ላስብ።»

ሞተሩን ወደ ጎማው መለስነው። በአንዴ ተነሳ፤ ድምፁ አንድም እንከን የለውም። አማቼ ተንበርክኮ ስልኩን አስጠጋ። መሬት ላይ ያለ ሞተር የሚያቀዘቅዘው ውሃ የለውም፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከሠራ ግሎ ይጣበቃል፤ ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ሦስት ደቂቃ ሆነ፣ ከዚያ አራት። ብረቱ መሽተት ጀመረ። አማቼ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንዳታጠፉት» አለች እህቴ።

ጠርሙሱ ላይ ቤንዚን ጨመርኩበት።