ዳገት የወጣ ሞተር

«ለአባዬ እንዳትተነፍሺ» አለ ወንድሟ፣ ሐኪሙ የዘረጋላትን የፈቃድ ወረቀት ቀድሟት እየነጠቀ። «ጉንፋን ነው ብለነዋል፤ ጉንፋን ነው።»

እሷ መካኒክ ናት፤ ጥፍሯ ሥር የገባው ግሪስ በሳሙና ቀርቶ በንስሐም አይለቅም። አባቷ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሁሉ የጭነት መኪና የነዱ፣ መንገደኛው «ሺ ዳገት» የሚላቸው ሰው ናቸው። ወሬያቸው ቢበጠር እውነቱ እፍኝ አይሞላም። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢበጠስባቸው፣ የጫኗቸውን አርባ ዶሮዎች «ክንፍ ዘርጉ» ብለው አዘዙ፤ መኪናዋም እንደ ላባ ቀስ ብላ አረፈች። እንግዲህ እሳቸው ናቸው ያሉት። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ «አባዬ፣ ይሄማ አይሆንም» እያለች ስትሟገታቸው ኖራለች።

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳንባቸው አልቋል። በጉሮሯቸው ቱቦ አስገብተን ማሽን ይተንፍስላቸው ካላችሁ ይቻላል። ግን ከዚያ በኋላ አያወሩም፤ ከማሽኑ መላቀቃቸውም ያጠራጥራል። ይቅር ካላችሁ፣ ጭንቀቱን የሚያቀልላቸው መድኃኒት እንሰጣለን።»

«ቱቦው ይግባለት» አለ ወንድሟ። «ለሕክምናው የአባዬን መኪና እንሸጣለን። ያናገርኩት ደላላ አሁን ይደውልልሻል።»

«ባለቤቱን ማን ጠየቀው?» አለችና በሩን ገፋችው።

ሺ ዳገት ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ፣ ሦስት ትራስ ተደግፈው፣ እያንዳንዷን ትንፋሽ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ውሃ እየጎተቱ ያወጣሉ።

«ጉንፋኑ እንዴት አደረ?» አለ ተከትሏት የገባው ወንድሟ።

«ልጄ» አሉ፣ «ውሸት... የእኔ ሙያ ነው። አንተ... አትችልበትም።»

ወንድሟ አቀረቀረ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ የመኪናዋንም ጭምር። ይቆጣሉ ወይ ያለቅሳሉ ስትል፣ ፊታቸው ጭነቱን እንዳራገፈ ሰው ፈታ አለ። ያን ሁሉ ዘመን የቀጠፈ ሰው እውነትን እንዲህ በክብር ሲቀበል አይታ አታውቅም።

«መካኒኳ... ዳገት የወጣ ሞተር... እንዴት ነው የሚጠፋው?»

ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። «ወዲያው አይጠፋም። ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ትንሽ ይዞርና ይበርዳል። ከዚያ ነው።»

«ታዲያ... ሌላ ዳገት... ለምን ታወጡኛላችሁ?»

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ደላላው ነው። ዘጋችው።

«አባባ፣ ቱቦው ይቅር ነው የሚሉት?» አለ በሩ ላይ የቆመው ሐኪም።

ሺ ዳገት ሁለት ጣት ከመሪ ላይ እንደሚያነሳ ሹፌር አነሱ፤ መንገድ ላይ እሺም ደህና ሁንም የሚሉት በዚያው ነው። እሷ ወረቀቱን ከወንድሟ እጅ ወስዳ ሳትፈርም ለሐኪሙ መለሰችለት።

ወንድሟ ወንበር ስቦ ተጠጋ። «አባዬ» አለ፣ «ዶሮዎቹ ስንት ነበሩ?»

የሽማግሌው ዓይን ብልጭ አለ። «ሰማንያ።»

ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ፤ ሙግቷን እየጠበቀ።

«እኔም ጋቢና ውስጥ ነበርኩ» አለች፣ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ። «ቆጥሬያቸዋለሁ።»