የኦቦ ኢተፋ ዶሮ ቤት ጭፈራ

ዶሮዎቹ ባንድ ሰሞን በበሽታ ካለቁ በኋላ ኦቦ ኢተፋ ዶሮ ቤታቸውን አስጠረጉ፣ ወለሉን ሊሾ አስደረጉና ለአዲስ አበባ ሰዎች አከራዩት። ለጭፈራ ነው ሲባል ሱሉልታ ውስጥ መጀመሪያ ያመነ የለም። ሰርግ የለ፣ ጥምቀት የለ! ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ብርድ መኪናቸውን ደርድረው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጨፍራሉ። ዘፈኑ እንኳን ቃል የለውም።

ጠጅቱ ከዶሮ ቤቱ ጋር ባንድ የቆርቆሮ አጥር ነው የምትዋሰነው፤ የቆርቆሮውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ማየቱን አትወደውም ማለት ሐሰት ነው። ቅዳሜ ሲመጣ እበቱን ቶሎ ጠርጋ ቀዳዳዋ ጋ ትቆማለች። አንዱ እጁን ዘርግቶ ባለበት ይሽከረከራል። አንዷ ሴትዮ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትወዛወዛለች። ሌላው መሬት ላይ ተዘርሮ እግሩን ያወራጫል፣ ደግሞ ማንም አያነሳውም። ጸጉሩን አናቱ ላይ የቋጠረው መሪያቸው ኤርምያስ መሃል ቆሞ በለሆሳስ ያወራል።

«ማንም ማንንም አይይ። እዚህ ስህተት የሚባል ነገር የለም። ሰውነታችሁ ወደሚሄድበት ተከተሉት።»

«ኧረ ወዲያ!» ትላለች ጠጅቱ ለራሷ። «የሚሄድበትን ቢያውቅ ዶሮ ቤት ይገባ ነበር?» ጭፈራማ እሷም ታውቃለች። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ እየተያየ፣ እየተሞጋገሰ፣ ምክንያት ኖሮት የሚጨፍረው ነው ጭፈራ። ይሄ ግን የጥጋብ በሽታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስቃባቸው በቀረች ነበር። ነገሩ ግን ምራቷም እዚያ ትገባለች። ላሊሴ ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመጣ፣ ተኝታ እንደማረፍ፣ ከነዚያ ጋር ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዛለች።

የላሊሴ ባል፣ የጠጅቱ አንድ ልጅ ቢቂላ፣ በደላላ ሊቢያ ከገባ ቆይቷል። ከዚያ አብሮት ጀልባ የተሳፈረ የሰበታ ልጅ ደውሎ፣ ቢቂላ ሲሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ አላቸው። ጠጅቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ቀባጣሪ! ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ማልቀስ ክልክል ነው፤ ሟርት ነው። ጥቁር መልበስም ክልክል ነው። ጎረቤት ሲጠይቃት «ትናንት ደውሎልኛል፣ ደህና ነው» ትላለች። ግማሹ ያምናታል፤ ግማሹ ጠርጥሮ ዝም ይላል።

አንድ ዓርብ ማታ ሁለቱ ተጣሉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ባልሽ በሰው አገር እየተንከራተተ አንቺ ከዚያ ባለ ቁጥርጥር ጸጉር ጋር ትዘያለሽ? አታፍሪም?» አለች ጠጅቱ።

«አልዘልም እማዬ። እዚያ ማንም ማንንም አያይም። ማልቀስ ይቻላል።»

«ማልቀስ? ማን ሞተብሽ?»

ላሊሴ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «እባክዎ እማዬ፣ ለቅሶውን እንቀመጥለት። እድሩ ይምጣ፣ ቄስ ይምጣ፣ እንደ ሰው ይለቀስለት። እርስዎ ካልፈቀዱ ማን ይፈቅዳል?»

«ልጄን በቁሙ ልትቀብሪው! ተነሽ ከፊቴ!»

በማግስቱ ጠጅቱ በንዴት ወደ አጥሩ ዝር አላለችም፤ ጓሮ ገብታ ድርቆሽ ትከምር ጀመር። ሙዚቃው ሲጮህ ቆየና ከሥሩ የሴት ልቅሶ ተሰማ። «አሁን ደግሞ ማላዘን ጀመሩ! ደግ አደረጋቸው» ብላ መንሹን አነሳች። ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ።

መንሹን ጣለች። በለቅሶ ነገር ጠጅቱ አትታማም፤ ማንም ይሙት ማን፣ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ያ አልጋ ላይ የከረመው ሽማግሌ መኮንን ይሆናል፣ ነፍስ ይማር፣ እያለች እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የግቢዋን በር ከፈተች።

ሰፈሩ በሙሉ ወደ እሷ እየመጣ ነው። ከፊት የእድሩ ዳኛ ኦቦ ኢተፋ፣ ከኋላ የድንኳን ብረት የተሸከሙ ወንዶች፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ጎረቤቷ ማሪቱ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ ጠጅቱ! ወይኔ ቢቂላ! ምነው ሳይነግሩን?»

ለካ ማሪቱ ወደ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ በአጥሩ ሥር ላሊሴ የባሏን ስም እየጠራች ስታለቅስ ሰምታለች። ለባሏ እያለቀሰች የምትጨፍር ሴት አለች ብሎ ማን ያስባል? መርዶ ተነግሯቸው ነው ብላ ኦቦ ኢተፋ ጋ በረረች። እሳቸውም ያን ቀን ሲጠብቁት ኖረው ኖሮ፣ የት ሆና ነው ያለቀሰችው ብለው እንኳን አልጠየቁም።

«ልቀቂኝ!» ጠጅቱ ማሪቱን ገፈተረቻት። «ምን ዓይነት ጅሎች ናችሁ? ጭፈራ እኮ ነው! እነዚያ እብዶች ናቸው!»

ጩኸቱን ሰምተው እብዶቹም በባዶ እግራቸው ወጡ። ኤርምያስ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይቅርታ አባቶች፣ ረብሸናችሁ ከሆነ… እንቅስቃሴ ላይ ነበርን» አለ።

«ምን ላይ?» አሉ ኦቦ ኢተፋ። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ብረት የተሸከሙትን አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ። «አዴ ጠጅቱ፣ ተሳስተን ከሆነ ይቅር ይበሉን። ድንኳኑን እንመልሳለን። እንግዲያ ቢቂላ ደህና ነዋ?»

«ትናንት ደውሎልኛል» የሚለው ምላሷ ላይ ነበር። ላሊሴ ዓይኗ አብጦ፣ በባዶ እግሯ፣ ቀና ብላ ሳታያት ቆማለች። ሰዎቹ ብረቱን ከትከሻቸው አላወረዱም፤ መልሱን ይጠብቃሉ። ጠጅቱ ሁሉንም ጠላቻቸው፤ ጨፋሪዎቹን፣ ማሪቱን፣ ያን የሰበታ ልጅ። እውነት እንደተናገረ ግን ስልኩን የዘጋችበት ዕለት ነው ያወቀችው። መዋሸት ደክሟት ነበር።

«ድንኳኑን በቀኝ በኩል ትከሉት» አለች። «በግራ በኩል ውሃ ያቁራል።»

ወደ ኤርምያስ ዞረች።

«አንተስ ምን ትገተራለህ? ሰውነትህ ወዴት ሂድ አለህ? ሮጠህ አግዳሚ አምጣ!»

ኤርምያስ ጫማውን እንኳን ሳያደርግ ሮጠ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ሲያነሱት ጠጅቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እጇን ወደ ላሊሴ ዘረጋች።

«ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት። «ባልሽ ሞቷል። መርዶውን የምነግርሽ እኔ ነኝ።»