የኖራው ሰፈር

ፈትል ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ግቢው የነፋስ መጫወቻ ሆኖ ነበር። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ሥራ መፍታት አይወድም፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ፣ አቧራውን ከመጋዘን መጋዘን ሲያመላልስ ይውላል። ከአጥሩ ጥግ በተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች የሚኖሩት ጡረተኞች፣ ማሽኑ ዝም ቢል እሱ አለ ብለው ተጽናንተውበታል።

ኑኃሚን የምትባል ወጣት አርክቴክት አዲስ ሰፈር ልትሠራ የመጣችው እዚህ ግቢ ነው። ታች ሱቅና የእጅ ሥራ ቤት፣ ላይ መኖሪያ። አሮጌው የፈትል አዳራሽ አይፈርስም፤ ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ተጠራቅሞ አትክልት ያጠጣል፤ መኪና ከበር አያልፍም። ጡረተኞቹም የድሮው ቤታቸው ሲፈርስ እዚያው ግቢ ውስጥ አዲስ ያገኛሉ። ፕላኑን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ብታስረዳ ብታስረዳ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ እንጂ ማንም አልገባውም። ልጅቷ ግን ብልህ ናት። በማግስቱ ኖራና ሲባጎ አስመጣችና ሰፈሩን በልኩ ሜዳው ላይ አሰመረችው፤ ፎቁንም ሁሉ መሬት አውርዳ ጎን ለጎን ዘረጋችው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል። ሰዉ ይኖርበት ጀመር! አመሻሹ ላይ ጡረተኞቹ በርጩማቸውን እየያዙ ወደየኖራ ቤታቸው ይገባሉ። ድሮ ማሽን ጠጋኝ የነበረው ማስረሻ ሳሎኑ መሀል ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሱሃይላ በሌለ መስኮት ላይ የሌለ መጋረጃ ሰቅላ፣ «ቀለሙ አልበዛም?» እያለች አላፊ አግዳሚውን ታማክራለች። ውሻ ግድግዳ ጥሶ ቢገባ «በር የለም ወይ!» ተብሎ ይባረራል። ነፋሱ ኖራውን ብድግ ሲያደርገው ደግሞ ቤቶቹ በሙሉ ከመሬት ተነሥተው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ያን ጊዜ ቤቱ እንዳይበርርበት የሰጋ ይመስል እግሩን የሚሰበስብ አይጠፋም።

አበዛሽ ብቻ ድርሽ አላለችም። ደጃፏ ላይ ቆማ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ» እያለች ታሽሟጥጣለች። ለነገሩ ቂም ይዛለች። ፕላኑ እሷን ከዋናው በር አጠገብ፣ ዘሃራን ከፈትል አዳራሹ ጥግ አድርጎ ለያይቷቸዋል።

አበዛሽ ከደብረ ሲና፣ ዘሃራ ከአቦምሳ በልጅነታቸው መጥተው ባንድ ማሽን ፊትና ኋላ ሲፈትሉ አርጅተዋል። ባል ቀብረዋል፤ ባንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ተኝተዋል። በየማለዳው አበዛሽ ግድግዳውን በጣቷ አንጓ ትመታለች፤ ዘሃራ ትመልሳለች። «በሰላም አድሬአለሁ»፣ «እኔም» ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አበዛሽ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተዘጋ ቤት ሞታ፣ ማንም ሳያውቅላት ውሎ ማደር። ያ ግድግዳ ካለ ግን ይህ አይደርስባትም። ቅዳሜ ነዋሪው ተሰብስቦ ፕላኑን ይሁን ወይም አይሁን ይላል፤ የእድሩ ዳኛ እሷ ስለሆነች፣ እሷ እንቢ ካለች ብዙው ሰው እንቢ ይላል።

ዓርብ ከሰዓት ኑኃሚንን ከሜዳው ዳር አገኘቻት።

«ልጄ፣ ምን ይፈልጋሉ ብለሽ ስትጠይቂኝ ከዘሃራ አጠገብ አልኩሽ። ተሳስተሻል።»

ኑኃሚን አቀረቀረች። «አልተሳሳትኩም፣ እማማ። እሳቸውን ቢያነጋግሯቸው ይሻላል።»

«ዘሃራን? ከኔ የምትደብቀው ምን አላት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄን ከኔ መስማት የለብዎትም።»

አበዛሽ ይህን እንደ ቢሮ ሰው ማመላለስ ቆጠረችው። ሞኝ ካመረረ፣ በግ ከበረረ መመለሻ የለውም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የተረፈውን የኖራ ከረጢት እየጎተተች ሜዳው ላይ ደረሰች። ከዘሃራ የኖራ ቤት በስተምሥራቅ ለዛፍ የተተወ ክፍት ቦታ አለ። «ዛፍ ከሰው ይበልጣል?» አለችና በጣሳ እያፈሰሰች የራሷን ቤት እዚያ ላይ አሰመረች። በሁለቱ ቤቶች መሀል ያለውን መስመር ደግማ ደጋግማ አወፈረችው። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከኖራው ሰፈር መግባቷ። ሰማዩ የበሰለ ፓፓያ መስሏል። ከኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ክንፎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። እዚያ በተቀመጠችበት ሱቆቹ ሲከፈቱ፣ ከፎቅ ሰው ሲጣራ፣ ዝናቡ ከአዳራሹ ጣሪያ ሲወርድ የሰማች መሰላት። ደስ አላት። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ማርጀት እንደማይከፋ አሰበች፣ ግድግዳዋ እስካለ ድረስ።

«አካም ቡልቴ፣ አበዛሽ!»

ዘሃራ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ የወፈረውን መስመር እያየች ቆማለች።

«ደህና አድረሻል? ነይ፣ ነይ፤ ይቺ ልጅ ያጠፋችውን አስተካከልኩልሽ» አለች አበዛሽ።

ዘሃራ አልሳቀችም። በበሩ በኩል ዞራ የኖራ ቤቷ ውስጥ ገባችና መስመሩ ጋ ቆመች።

«እዚህ ጋ መስኮቴ ነበር» አለች። «ግድግዳ አደረግሽበት።»

«መስኮት ሌላ ቦታ ይወጣላ!»

«በሌላው በኩልማ አዳራሹ አለ። አበዛሽ፣ አሁን ያለሁበት ቤት በዚህ አንቺ ነሽ፤ በዚያ መጋዘን ነው፤ በስተኋላ የፋብሪካው ግንብ። አንቺ ጫፍ ላይ ስለሆንሽ ጀምበር ስትወጣ ታያለሽ። እኔ መንጋቱን የማውቀው አንቺ ስትመቺልኝ ነው። ልጅቷ ምን ይፈልጋሉ ብትለኝ፣ ፀሐይ አልኳት። ላንቺ መንገሩ አሳፈረኝ።»

አበዛሽ እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን በልታለች፤ አልቅሳለች፤ በጠራራ ፀሐይ ገብታ በገዛ እጇ መብራት አብርታለች። አንድ ቀን እንኳ ለምን ይጨልማል ብላ አልጠየቀችም። አፈረች። ግን ፍርሃቷ አለቀቃትም።

«እና እኔ ብሞትስ? ማን ይሰማኛል?» አለች።

«ስትሞቺማ ድንኳኑን ተክለን እንቀብርሻለን። እስከዚያው ግን እግር የለሽም እንዴ? በጠዋት ነይ። ከቀረሽ እኔ እመጣለሁ።»

አበዛሽ መጥረጊያ አምጥታ ያወፈረችውን መስመር ትጠርግ ጀመር። ኖራው ጤዛ ስለጠጣ ቶሎ አለቀቀም፤ ጎንበስ ብላ ታገለችው። የሠራችውን ቤትም ጨምራ አጠፋችው፤ ለዛፍ የተተወው ቦታ ለዛፍ ቀረ። ኑኃሚን ለስብሰባው ማልዳ መጥታ ሲባጎዋን እንደያዘች ከሩቅ ቆማ ታያለች።

ከዚያ አበዛሽ ነጠላዋን አራገፈችና ዋናው በር አጠገብ ወዳለው ቤቷ ሄደች። በደንብ አየችው። ገባች፤ ወጣች። ከዚያ በኖራው መንገድ ሱቆቹን አልፋ፣ አትክልቱን ዞራ ተመለሰች። ጉልበቷ እየቆረጠማት ዘሃራ በር ላይ ደረሰች። በዚህ ሁሉ ዘመን ዘሃራ ጋ ስትገባ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

«ቤቶች!» አለች።

ዘሃራ መስኮቷ ጋ ቆማለች። ጀምበሯ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ ፊቷ ላይ ወጥታለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ማነው?» አለች፣ ሳትዞር።

አበዛሽ አልቸኮለችም። ዘሃራ ፀሐይዋን እስክትጠግብ ደጅ ቆማ ጠበቀች።