የየራሳችን አንሶላ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አትላስ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል፣ ላውንደሪ ቤት፣ አራት ሴቶች አንሶላ እናጥብ ነበር። የዛሬዎቹ ባለ ማሽኖች እንደ እኛ ያነጡ እንደሆነ መጥተው ያሳዩኝ።

ኃላፊያችን ጋሽ ሐሩን የወሎ ሰው ነበሩ። ጠዋት ሲገቡ «እንዴት አደራችሁ፣ እመቤቶች» ይሉናል። ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ግን አልነበረም። እያንዳንዳችን የራሳችን አንሶላ ነበረን፤ ጥጉ ላይ በየቀለማችን ክር ሰፍተንበታል። የእኔ ቀይ፣ የሸምሲያ አረንጓዴ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቀይ ክር ባለበት አንሶላ ላይ ግን እድፍ ያየ ሰው የለም። ጣሪያ ላይ ስናሰጣ አውሮፕላኑ በራሳችን ላይ እየወረደ፣ «ያንቺ አንሶላ ነው ወይስ የከሰል ጆንያ?» እንባባላለን። በካውያ ያቃጠለች ራሷ ለጋሽ ሐሩን ይዛላቸው ትሄዳለች። «ካውያው ነው ወይስ ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ነበር?» ይላሉ። ልጅ ታሞባት ከሆነ በጊዜ ይሸኟታል። በቃ።

እሳቸው ጡረታ ወጡና ቢተው የሚባል ኮሌጅ የጨረሰ ወጣት መጣ። በዕድሜ እናቱ የምሆነውን እኔን «አንቺ» አለኝ። «አንሶላው የሆቴሉ ነው፤ ይሄ የመንደር ክር ይውጣ!» ብሎ በምላጭ አስፈታን። ከዚያ ወዲያ አንሶላው የማንም ሆነ። ያቺ እድፍ ስታይ የሚያማት ሸምሲያ እንኳ «ማን ያይልኛል» ማለት ጀመረች። እኔም አልቀረሁም፤ ምን ልዋሽ።

አንድ ማክሰኞ የተቃጠለ አንሶላ እንግዳ አልጋ ላይ ተገኘ። ቢተው ይዞት ገባ።

«ካውያ ላይ የነበረችው ሸምሲያ ናት። ሌላ ሰው ካልተገኘ ዓርብ ትባረራለች።»

እኔ ነበርኩ። ሸምሲያ ለሶላት ስትወጣ ተክቻት አቃጠልኩት፤ አጣጥፌም ከሥር ሸሸግኩት። እኔ! ሸምሲያ ታውቃለች። ሦስት ልጅ እያሳደገች አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቀና ብላም አላየችኝ።

ዓርብ ሽርጧን ስታጣጥፍ ሳይ አላስቻለኝም።

«አቶ ቢተው፣ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ዘጋው?»

«አንተ ምን ሆኖ ተቃጠለ ብለህ መቼ ጠየቅህ፣ ልጄ? ማንን ላባርር ብለህ ነው የመጣኸው።»

ፊቱ ቀላ። «ውጪ!»

«እወጣለሁ። አትጩህ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ሸምሲያ እያለቀሰች በር ድረስ ሸኘችኝ። «ምናለ ዝም ብትይ፣ እቴዋ?»

«አንቺ ዝም ያልሽው ይበቃል። ግቢ፣ ካውያው እንዳይግል።»

ወደ ወሎ ሰፈር በእግሬ ወረድኩ። ሥራው አልቆጨኝም፤ እጅ ላለው ሥራ አይጠፋም። የሚቆጨኝ እነዚያ ሦስት ቀኖች ናቸው። እንደዚያ ፈሪ ሆኜ አላውቅም ነበር።