የፍልፈሎቹ የመጨረሻ ጎል

የዳንሞር ከተማ መቶኛ ዓመቷን ልታከብር ስትነሳ፣ የበዓሉ ኮሚቴ የፈረሰውን የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ታሪክ ጽፋ እንድታነብ ሊዮና ፕሮኮፕን ለመናት። ሊዮና ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ቡድኑ እስኪፈርስ ድረስ ሜዳው ዳር ተቀምጣ ውጤት የመዘገበችው እሷ ናት።

ቡድኑ «ፍልፈሎቹ» ይባል ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ የመጨረሻውን ዓመት መሬት ለመሬት ሲድሁ ከረሙ፤ ሠላሳ አንድ ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። በረኛቸው እንደ ኳስ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጎማ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። አሰልጣኙ የከተማው ጥርስ ሐኪም ስለነበር፣ ልጆቹ አፋቸውን በተመቱ ቁጥር ሐዘኑ ከልብ አይመስልም ነበር።

ያም ሆኖ የመጨረሻዋን ጨዋታ ሦስት ለሁለት አሸነፉ። ሦስተኛዋን ጎል ማን አገባት? ሊዮና መዝገቡ ላይ የጫረቻት ቁጥር ሲያዩዋት አራትም ናት፣ ዘጠኝም ናት። አራት ቁጥር ጋርት ወዝኒ፣ ዘጠኝ ቁጥር ዳላስ ፌር ነበሩ። እስከዚያች ቀን አይነጣጠሉም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ተነፋፍገው ኖሩ።

ታሪኩን ሊዮና ልትጽፍ ነው መባሉ በተሰማ ማግስት፣ ጋርት አንድ ሳህን ሙሉ ፔሮጊ፣ ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ፣ ይዞ ከች አለ።

«እትዬ ሊዮና፣ ሚስቴ ለእርስዎ ብላ የሠራችው ነው።»

«ሚስትህ እኮ አትወደኝም።»

«ዛሬ ወደደችዎት። ለመሆኑ ያቺን ጎል እንዴት አድርገው ጻፏት?»

«ገና ነኝ። እስቲ እንዴት ነበር ያገባሃት?»

«ሁለቱን አታልዬ፣ በረኛውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ!»

«መብራት ጠፍቶ አልነበር እንዴ?»

«ታዲያ ጀግንነቱ እሱ አይደል!»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳላስ ከነቋሊማው መጣ።

«ያ ውሸታም መጥቶ ነበር አሉ። ምን ይዞ?»

«ፔሮጊ።»

«ይሄ ሁለት ኪሎ ነው» አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አድርጎ።

ሊዮና ሁለቱንም ተቀበለች። ሳምንቱን ሙሉ ምድጃ አልለኮሰችም።

እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ያን ቀን ሁለት እኩል ሆነው ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ የውጭው አውሎ ነፋስ መብራቱን ድርግም አደረገው። የባላጋራ በረኛ ግድግዳ እየዳበሰ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። የፍልፈሎቹ በረኛ ከወዲያ ጥግ ሲያለቅስ ይሰማል፦ «አሁንም ልንሸነፍ ነው!» ጎማዋ ከባዶው ጎል ፊት፣ ከሊዮና ጠረጴዛ አሥር እርምጃ ላይ ቀርታ ነበር። ሊዮና የዚያን ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። አጥሩን ተሻገረች፣ እየተንሸራተተች በጨለማ ሄደች፣ በቦት ጫማዋ አንዴ ጠለዘችና ተመልሳ ቁጭ አለች።

መብራት ሲመጣ ጎማዋ መረቡ ውስጥ ነበረች። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም፤ መንገዱ በበረዶ ሳይዘጋ ቤቱ መግባት ነበር የቸኮለው።

«ማነው ያገባው?» አላት።

«የእኛ ሰው ነው» አለች። አልዋሸችም።

«በይ ቁጥሩን ጻፊ!»

የማንን እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ያችን አራትም ዘጠኝም የምትመስል ቁጥር ጫረች።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋርት ከግራ፣ ዳላስ ከቀኝ ተቀምጠው አንገታቸውን አስግገዋል። ሊዮና ሌላውን ሁሉ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«ያቺን ጎል ያገባኋት እኔ ነኝ። በቦት ጫማዬ።»

 አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አልቀለድኩም!» ብትል ባሰበት።

ጋርት እንባውን እየጠረገ መተላለፊያውን አቋርጦ ዳላስን ትከሻውን መታው። «ሰማህ? በቦት ጫማ!»

«ከአንተማ እሷ ትሻላለች፤ አንተ ያን ጊዜ ወድቀህ ነበር።»

«እኔ? መብራት ጠፍቶ በምን አየኸኝ?»

ሊዮና መጽሐፍ ቅዱስ አምጡልኝና ልማል ብላ ብትጮህም የሰማት የለም። ሁለቱ ሰዎች እየተሰዳደቡ ወጡ፣ እየተሰዳደቡም በአንድ መኪና ወደ ቤታቸው ሄዱ።