የግራው በር

ባሌ ኃይለመስቀል መኪናውን ከእኔ አስበልጦ ይወዳል አልልም፤ ስለ እኔ ግን ያን ያህል መመሪያ ሰጥቶ አያውቅም። በኮሮናው ዓመት፣ መጋቢት መግቢያ ላይ፣ ለእናቱ ተዝካር ለአንድ ሳምንት ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። ሊመለስ ሲል የኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ካምፓላ ውስጥ የግል መኪና መንዳት ተከለከለ። እሱ እዚያ ቀረ፤ እኔና መኪናዋ ሜንጎ፣ የተከራየነው ግቢ ውስጥ ቀረን።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከጎረቤት ግቢ አንዲት መኪና ሁለቱንም ስፖኪዮ ተነቅላ ማደሯን ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። በየቀኑ እየደወለ ሸራ አልብሻት፣ ከአጥሩ አርቀሽ አቁሚያት፣ የታርጋውን ቁጥር ስፖኪዮዎቹ ላይ አስጽፊ ይለኛል። ቁጥሩን የግቢያችን ዘበኛ ሙዜ ሴቡሊባ በሚስማር ቀረጹልኝ። ሙዜ ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ከስልሳ ያለፉ፣ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

አንዱ መመሪያ ግን ጣጣ አመጣ። ባትሪው እንዳይሞት በየሦስት ቀኑ ሞተሩን አስነሺ አለኝ። እኔ አርባ ስድስት ዓመት እስኪሆነኝ መኪና ነድቼ አላውቅም። ካምፓላ በኖርንባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ወይ በስተግራ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ ወይ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል እሄዳለሁ። አንዴ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ሁለት ቀን ተኳርፈናል።

መጀመሪያ ሰሞን ሞተሩን አስነስቼ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ። ሙዜ ሴቡሊባ ምንም ሳይሉ መጥተው ከፊቴ ቆሙና በእጃቸው ነይ ነይ አሉኝ። ለፋሲካ የማንጎውን ዛፍ መዞር ቻልኩ። ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም፤ በዚያ ሰው ሁሉ በተጨነቀበት ጊዜ መደሰት ራሱ ያሳፍር ነበር።

አንድ ጠዋት ከውኃ ታንከሩ ጎን ሳልፍ በስተግራ የብረት ጩኸት ሰማሁ። የታንከሩ የጡብ መቆሚያ መኪናዋን ከፊተኛው በር እስከ ኋላ መብራቷ ጭሯታል።

ኃይለመስቀል ሲደውል፣ መኪናዋ እንዴት አደረች ሲል፣ አንድ ሰው ጫራት አልኩት። ምላሴ ቀደመኝ። ማንነቱን የማያውቀውን ሌባ ረግሞ ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን አሰበበት። ሌባ ቢሆን ስፖኪዮ ይወስዳል፤ ጭሮ የሚሄድ ቂም ያለው ነው፤ ቂም ያለው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው አለ። ባለፈው ክረምት ሙዜ ሴቡሊባን ተኝተው አግኝቶ መቆጣቱ ትዝ አለው። ስልኩን ዘግቶ ለአከራያችን ለናካቶ ደወለ።

በማግስቱ ናካቶ መጥታ ሽማግሌውን መኪናዋ ፊት አቆመቻቸው፤ እኔም ነበርኩ። ማን ገባ ብላ ጠየቀቻቸው። አንድ ጊዜ አዩኝና፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል አሉ። እስከ ቅዳሜ ዕቃህን ሰብስብ አለቻቸው።

እኔ ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ሌላ ሥራ አያጡም እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ግን በዚያ ወራት ማን ማንን ይቀጥራል? በራሴ አፈርኩ። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ድረስ ሄጄ ለምን እውነቱን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው።

«ኛቦ፣» አሉ፣ ለእመቤት የሚሉት እንደዚያ ነው፣ «ባልዎ ካወቁ መንዳቱን ያስቆሙዎታል። ገና ወደ ኋላ መሄድ አልቻሉም።»

ልጃቸው የምሆን ይመስል ነው የተናገሩት። አለቀስኩ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ለኃይለመስቀል ደወልኩ።

«የጫርኳት እኔ ነኝ፣» አልኩት። «ስነዳ። ሽማግሌው አንድም ነገር አላደረጉም።»



«መንዳት አትችዪም እኮ፣» አለ።

«እየቻልኩ ነው። በግራ በኩል ያለው ነው የማይታየኝ።»

ዘጋው። ሁለት ቀን አልደወለም። አርብ ዕለት ናካቶ፣ ባልሽ ደውሎ ዘበኛው ይቆይ ብሏል ብላ ነገረችኝ። ለእኔ ግን ስለዚያ ነገር ምንም አላለኝም። መደወል ሲጀምር ስለ ዝናቡና ስለ ጤናዬ ብቻ ይጠይቃል። ስለ መኪናዋ ትንፍሽ አላለም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የግል መኪና ግንቦት ላይ ተፈቀደ። እኔ ነሐሴ ላይ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ያኮረፈ ሰው ይበልጥ እንዳይከፋው ፈርቼ ደበቅኩት።

መስከረም መጨረሻ ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ሲከፈት መጣ። ሰላም ተባባልን፣ በላን፣ አደርን። ጠዋት ናካዋ ገበያ እንሂድ አለ። ቁልፉን ይዤ ተከተልኩት። ይጠይቀኛል፣ እሰጠዋለሁ፣ ነገሩም ያበቃል ብዬ ነበር።

ሸራውን ገለጠ። በስተግራ ዞሮ ጣቱን ጭረቱ ላይ አሳረፈና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። ከዚያ የግራውን በር ከፍቶ ገባ።

አዲስ አበባ መሪው በግራ ነው፣ ካምፓላ በቀኝ። ስድስት ወር እዚያ የከረመ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ተሳስቶ እንደሆነ ዛሬም አልጠየቅኩትም። ከፊቱ መሪ አለመኖሩን ለአፍታ አየና ቀበቶውን ስቦ አሰረ።

በቀኝ በኩል ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አስገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ።

«ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፣» አለ ፊት ለፊት እያየ። «ትችያለሽ?»

በግራው ስፖኪዮ፣ በሚስማር ከተቀረጸው ቁጥር በላይ፣ ሙዜ ሴቡሊባ በሩን ከፍተው ሲጠብቁ አየኋቸው። ነይ ነይ ይሉኛል።